የባለ ጃንጥላው እናት

የልጅነት ጀግንነት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መርማሪ የለውም። መርካቶ ውስጥ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ማንኛውንም ወንድ አስቁማችሁ ጠይቁ። ወይ ለትልቅ የኳስ ክለብ ሊፈርም ሲል ጉልበቱን ተመቷል፣ ወይ ሦስት ሆነው የመጡበትን ጎረምሶች ብቻውን አባሯል፣ ወይ ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ ሳለ ቤተሰቡ ከትምህርት ገበታ አንስቶ ሱቅ ውስጥ አስቀምጦታል። ኳስ የተጫወተበት ሜዳ ላይ ዛሬ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ጎረምሶቹ ወይ ተበታትነዋል ወይ ንስሐ ገብተዋል። ውጤቱ የተጻፈበትን መዝገብ ደግሞ አይጥ በልቶታል። ታዲያ ማን ይከራከረዋል? እኔ በበኩሌ አልከራከርም። እናንተ የእኔን እመኑ፣ እኔ የእናንተን አምናለሁ። በዚህ ስምምነት ስንት ዓመት በሰላም ኖረናል!

ይህን ሰላም ያደፈረሰው ቴክኖሎጂ ነው።

የእኔ ጀግንነት በኳስም በጠብም አይደለም። እኔ በጭድ ተራ ልጆች ታሪክ ውስጥ የባለ ጃንጥላውን ጌም የጨረስኩ ብቸኛው ሰው ነኝ። ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ላለፉት ሠላሳ ምናምን ዓመታትም እንደተነፋ ነው የኖረው። አሁን ከእናንተ ጋር ስለሆንን ልናዘዝና ልቀጥል፤ አልጨረስኩትም። ሰባተኛውን ስቴጅ አልፌ ስምንተኛው መሐል ደርሼ ነበር። የመጨረሻው ስምንተኛው ነው። ጨረስኩ ብዬ ለመናገር የቀረችኝ ትንሽ ነገር ነበረች፤ እሷን በአፌ ጨረስኳት።

ለማታውቁት ባለ ጃንጥላው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። አጭር፣ ድቡልቡል ያለ ሰውዬ ነው። ያለበት አገር ሁልጊዜ ዝናብ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጣል፣ ጉድጓድ ይዘላል፣ ውሃ የሚተፉ እንቁራሪቶችን ይረግጣል። ከፍ ካለ ቦታ ሲወርድ ጃንጥላውን ከዘረጋ ቀስ ብሎ እየተንሳፈፈ ያርፋል። ካልዘረጋ አለቀለት። መግቢያው ላይ የሚጻፈው ነገር በማናውቀው ቋንቋ ስለነበር፣ ሰውዬው በዚያ ሁሉ ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ሥራ ረፍዶበት ነው? ዕዳ ሸሽቶ ነው? ሚስቱ አባራው ነው? ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ መጨረስ።

የምንጫወተው እትዬ ዘነቡ ቤት ነው። እትዬ ዘነቡ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ኮስታራ፣ የጎጃም ሴት ነበሩ። ከሳሎናቸው ጥግ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበራቸው። ወንድማቸው ከውጭ ያመጣላቸውን የጌም ማጫወቻ እሱ ላይ ሰክተው የሰፈሩን ልጅ በተራ ያጫውቱን ነበር። ሳንቲም የምንከፍለው በላይፍ፣ በሰውዬው ነፍስ ልክ ነው። ሰውዬው ሲሞት ተራህ አለቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ሆነው «የሞተ ይነሳ!» ብለው ይጮሃሉ። ከትንሣኤ ዕለት በቀር እንዲህ ያለ ትእዛዝ የትም ሰምቼ አላውቅም። ጓዳ ሆነው መሞታችንን እንዴት ያውቁ እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። ልጆች ነበርንና!

አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ጭድ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ተገለበጠና ልጆቹ በሙሉ ጭዱ ላይ ሊፈነጩ ወጡ። ተራው የእኔ ስለነበር እኔ ቀረሁ። ሳሎኑ ውስጥ እኔና ባለ ጃንጥላው ብቻ! ያን ቀን እጄን ምን እንደነካው አላውቅም፤ አራተኛን፣ አምስተኛን፣ ስድስተኛን፣ ሰባተኛን ተሻገርኩ። ስምንተኛው ላይ አንድ ረጅም ግንብ እየወጣሁ እያለ መብራት ጠፋ። ድርግም። ባለ ጃንጥላው ከነዝናቡ፣ ከነግንቡ ጠፋ።

እስቲ ፍረዱ። እንዲህ ያለ ግፍ የተፈጸመበት ልጅ ምን ይበል? «ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ» ቢል ማን ያምነዋል? በዚያ ሰፈር መብራት ጠፋ የማይል ልጅ ነበር እንዴ? ስለዚህ ወጥቼ ጭዱ ላይ ለሚፈነጩት ጓደኞቼ ያልኩት «ጨረስኩት» ነው። ባለበት ያልቆመ አልነበረም። ሰይፉ የሚባለው፣ እስከ ዛሬም ያልተለየኝ ጓደኛዬ፣ ጭድ ከፀጉሩ ላይ ሳያራግፍ መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። እኔም ለአንድ አፍታ እንኳ ሳላመነታ፣ ግንቡ ጫፍ ላይ በር እንዳለ፣ በሩ ሲከፈት ዝናቡ እንደሚያባራ፣ ባለ ጃንጥላውም ጃንጥላውን እንደሚያጥፍና እናቱ ወጥታ እንደምታቅፈው ነገርኩት። ለምን እናት እንዳልኩ አትጠይቁኝ፤ አፌ ላይ የመጣችልኝ እሷ ነች።

ማንም አልሳቀም። ሰይፉማ አፍንጫውን በእጅጌው ጠራረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ዘነቡ ቤት መቀመጫ ጠፋ። ከአሜሪካን ግቢ፣ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ሳይቀር ልጆች ባለ ጃንጥላውን ከእናቱ ሊያገናኙ መጡ። ያገናኘ የለም። እኔ ግን ባለፍኩበት ሁሉ «እሱ ነው፣ እናትየዋን ያያት» እየተባልኩ አደግሁ።

ይህ ዝና፣ ዋዛ እንዳይመስላችሁ፣ ለትዳርም አብቅቶኛል። ባለቤቴን ሰብለን ገና ስንተዋወቅ፣ ስለ ራስህ አንድ ነገር ንገረኝ ስትለኝ ምን ልንገራት? ዚፕ፣ ቁልፍና የስፌት ክር እንደምሸጥ ታውቃለች። እና የባለ ጃንጥላውን ነገርኳት። እናትየዋ ጋ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔን ያገባችኝ ግማሹን በዚያች ሴትዮ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ በዚህ ዓይነት በክብር እየኖርኩ ሳለ ነው፣ በቅርቡ አንድ ሐሙስ፣ እራት ላይ ሰይፉ የደወለው። ሰይፉ እዚሁ መሳለሚያ አካባቢ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥንና የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጤ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነው።

«ብሬ!» አለ እየጮኸ። «ባለ ጃንጥላው ተገኘ!»

የጠፋ ዘመድ የተገኘ ነው የሚመስለው። ከሰሞኑ ካወረደው ዕቃ ውስጥ መዳፍ የምታህል ማጫወቻ እንዳገኘ፣ ሆዷ ውስጥ የድሮ ጌሞች በሺህ እንደታጨቁ፣ አንድ በአንድ ሲያይ አምሽቶ ባለ ጃንጥላውን ከነዝናቡ እንዳገኘው በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ቀጥሎም እሁድ ከምሳ በኋላ የሰፈሩን ልጆች ሱቁ እንደጠራ፣ እትዬ ዘነቡንም ከሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ራሱ እንደሚያመጣቸው፣ እኔ እንደምጨርስና እነሱ ደግሞ ተቀምጠው እናትየዋን እንደሚያዩ ገለጸልኝ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ጠብቄያለሁ አለ። ድምፁ ሊሰበር ምንም አልቀረውም።

እኔ ጉሮሮዬ ላይ የቆመውን ጉርሻ ስታገል፣ ሰብለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «እኔም እመጣለሁ ሰይፍዬ» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እሁድ ይታመማል፤ ወይ ለቅሶ ይፈጥራል። እኔ ግን በራሴ የምተማመን ሰው ነኝ። ነገሩን አሰብኩበትና ሒሳቡ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ሰባት ስቴጅ ማለፌ እውነት ነው፤ በልጅ እጅ ያለፍኩትን በአዋቂ እጅ እንዴት አላልፍም? ስምንተኛው ላይ ስደርስ ግንቡ መሐል በክብር እሞታለሁ። «አይ ዕድሜ!» እላለሁ። ሁሉም ያዝንልኛል። እናትየዋም በሯን እንደዘጋች ትቀራለች። ከዚህ የተሻለ ዕቅድ አለ? ሐሙስ ማታ ተኝቼ አደርኩ፤ አርብም፣ ቅዳሜም እንደዚያው።

እሁድ መርካቶ ስትተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሱቆቹ ተዘግተው፣ ሸራው ታጥፎ፣ ተሸካሚዎቹ ጋሪያቸው ላይ ጋደም ብለው ሲያወጉ፣ ያ ሁልጊዜ በሰው የተሸፈነው አስፋልት ለካ ቀለም አለው ያሰኛል። ሰብለ ነጠላዋን አሳምራ፣ ሠርግ እንደምትሄድ ሴት ከጎኔ ትራመዳለች። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ሰይፉ በር ላይ ጠበቀን። ውስጥ ስድስት የሰፈር ልጆች አሉ። ልጆች ስላቸው ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ አንዱ አያት ሆኗል፣ ሁለቱ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፣ ሁሉም ቦርጫቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በየካርቶኑ ላይ ተደርድረዋል። ከፊት፣ ብቸኛው የቆዳ ወንበር ላይ፣ እትዬ ዘነቡ በነጭ ነጠላ፣ በወፍራም መነጽር ተቀምጠዋል። ጉልበት ስሜ ጤናቸውን ጠየቅኳቸው። «አንተ ብርሃኑ፣ ወፍረሃል» አሉኝ። እንዲህ ናቸው።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በር ያህላል። ሰይፉ ከፈተው፤ ሙዚቃው ጀመረ። ያቺ እንደ ትንኝ የምትጮኽ ሙዚቃ! ስምንታችንም በአንድ ጊዜ አንገታችንን ወዘወዝን። ከዚያ ባለ ጃንጥላው ወጣ።

ጃንጥላው ሮዝ ነው።

ነገሩ ለእናንተ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። እኛ ግን ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ ስለተጫወትን የጃንጥላውን ቀለም ያወጣነው በክርክር ነው። ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው በሚል ሁለት ቡድን ሆነን ጥርስ እስኪነቃነቅ ተደባድበናል። እኔ የቀዩ ቡድን መሪ ነበርኩ። አሁን ይኸው፣ የሕፃን ፎጣ የመሰለ ሮዝ! አዲስ ዕቃ ምንም ምሥጢር አይጠብቅም። ከኋላ አንዱ «ለዚህ ነው ጥርሴን ያወለቅከው?» አለኝ። አልሰማሁም ብዬ ጆይስቲኩን ተቀበልኩ። ገመድ የለውም። የሳሙና ያህል ቀላል ነው።

ጀመርኩ። ሮጥኩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ ደረስኩ። ይህች ጉድጓድ ገና ሁለት እርምጃ ሳይሮጥ የምትመጣ፣ ለሰላምታ የተቆፈረች ጉድጓድ ናት፤ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ነበር የምንዘላት። ተጫንኩ። ባለ ጃንጥላው ጥቂት ካሰበበት በኋላ፣ ትእዛዜን በኮሚቴ የተወያየበት ይመስል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ዘለለ።

ሳቅ የለም፤ ማሞቂያ ነው ተብሎ ተተረጎመልኝ። ሁለተኛም ገባ። በሦስተኛው ጉድጓዱን ተሻግሬ የመጀመሪያዋ እንቁራሪት ምራቋን ተፋችብኝ። ላይፍ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ትልቅ ስለሆነ ትእዛዙ እስኪደርስ ይዘገያል አልኩ፤ ይህ እውነት ነው፣ ሰይፉም ባለሙያ ነውና ራሱን ነቀነቀ። ጆይስቲኩ ገመድ ስለሌለው አይታዘዝም አልኩ። ሥዕሉ ከመጠን በላይ ጥርት ስላለ ዓይን ይወጋል አልኩ። ሮዙን ሳይ እጄ ይዝላል አልኩ። ሰብለ ዓይኗን ከፊቴ አልነቀለችም። የምትመለከተኝ፣ ገበያ ላይ ጨርቅ ገልብጣ ውስጡን እንደምታይ ሴት ነው።

ሰይፉ፣ አምላክ ይስጠውና፣ ሊረዳኝ ተነሳ። ይህ ማጫወቻ ወደ ኋላ የመመለሻ ቁልፍ አለው አለ። ሲሞት ይህችን ጫን ብታደርጋት ባለ ጃንጥላው ከጉድጓዱ ተነሥቶ፣ በአየር ላይ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከመሞቱ በፊት የነበረበት ቦታ ይቆማል። አሳየን። በእርግጥም ተነሣ።

እትዬ ዘነቡ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ሞቶ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ሰይፉ አዎ፣ ሞቷል፣ ግን አሁን ቴክኖሎጂው መልሶታል ብሎ አስረዳቸው።

«እኔ ቤት የሞተ ሞቷል!» አሉ። «ይህ ማጭበርበር ነው። እስቲ ወዲህ በለው እሱን።»

ጆይስቲኩን ማለታቸው መሆኑ የገባን እጃቸውን ሲዘረጉ ነው። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፉ፤ ጆይስቲኩን ምስር እንደሚለቅሙበት ሰፌድ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የመጀመሪያዋን ጉድጓድ፣ ቴሌቪዥኑ እንደሚዘገይ ከእኔ ሞት ተምረው፣ ቀደም ብለው ተጭነው አለፏት። እንቁራሪቷን ረገጡ። ሁለተኛዋንም። ሁለተኛ ስቴጅ። ሦስተኛ ስቴጅ። አይጣደፉም፣ አይጮኹም፣ እንደኛ ከጆይስቲኩ ጋር አብረው አይዘሉም። የሚንቀሳቀሰው አውራ ጣታቸው ብቻ ነው። አራተኛው ላይ ያ ደም ግፊት ያለበት ጓደኛችን መቋቋም አቅቶት «እትዬ፣ ኧረ መቼ ተማሩት?» አላቸው።

«እናንተ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ቤቱ ውስጥ ማን ቀረ?» አሉት፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ሁላችንም ቆመናል። ሰባተኛው ላይ ሰብለ እጄን ይዛለች። ስምንተኛው መጣ፤ ግንቡ። ያቺ መብራት የጠፋባት ቦታ ታለፈች። ከዚያ በላይ ያለውን አገር እኔም እንደማንኛውም ሰው ገና አሁን ማየቴ ነው። ደረጃው ጠበበ፣ ዝናቡ በረታ፣ እንቁራሪቶቹ አለቁ። ከላይ፣ ጫፍ ላይ፣ በር አለ። እውነትም በር አለ! እኔ እንኳ ደነገጥኩ። ከበሩ በፊት አንዲት ጉድጓድ ብቻ ቀርታለች።

ሰይፉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። «እናትየዋ!» አለ በሹክሹክታ።

እትዬ ዘነቡ ቆም አሉ። ባለ ጃንጥላውም በዚያ ዝናብ ቆመ። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ረጅም አልነበረም፣ ግን ለእኔ አንድ ክረምት ያህል ነበር። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩና ሰውዬውን ቀስ አድርገው፣ ሳይዘልሉ፣ ሳይሮጡ፣ መንገድ እንደሚያሻግሩት ሽማግሌ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱት።

ሱቁ በአንድ ድምፅ «ውይ!» አለ። እሳቸው «እጄ ዛለ» አሉና ጆይስቲኩን አስቀመጡ። ቀጥለውም ወንበሩን ተደግፈው እየተነሡ «እንግዲህ የሞተ ይነሳ» አሉ። ልጃቸው ታች በር ላይ እየጠበቀቻቸው ስለነበር እኔ ልሸኛቸው ተነሣሁ። እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ሰው ሸኝቼ አላውቅም።

ሊፍቱ አይሠራም፤ በደረጃ ወረድን። ክንዴን ይዘዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ ቆሙ። እኔ ምን ማለት እንዳለብኝ ጨንቆኝ፣ እንዴት ያለ ጨዋታ እንደተጫወቱ እያመሰገንኩ ስንተባተብ አቋረጡኝ።

«እኔ አምኜህ ነበር እኮ» አሉኝ።

ደረጃውን ቁልቁል አየሁ።

«አምኜህ፣ እናትየዋን ላይ ብዬ፣ እናንተን ትምህርት ቤት ሸኝቼ ስታገል ስንት ሳምንት ፈጀሁ። በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ደረስኩ። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው። የሆነ ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጉድጓድ ይጀምራል። እኔ ግን ትመጣለች ብዬ፣ ዕቃው ዘገየ ብዬ፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት። እሷን ስጠብቅ ወጤ አረረ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም፤ ስለዚህ ማቆም ነበረብኝ። ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አላጋለጡኝም ብዬ ጠየቅኳቸው። ደረጃውን አንድ ወረዱ፣ ሌላም ወረዱ።

«ያን ክረምት እናትህ አያትህን ልታስታምም አገር ቤት ሄዳ አልነበረም? መስከረም ጠብቶም አልመጣችም ነበር። ምን ብዬ ነው የማጋልጥህ? እናቱ አትመጣም ልበልህ?»

ይህን ረስቼው ነበር። ቆይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ረስቼው አልነበረም፣ አጣጥፌ አስቀምጬው ነበር። እናቴ ጥቅምት ላይ ተመልሳለች፣ ክፉ ነገር አልደረሰብንም። ግን ዕድሜ ልኬን የኮራሁባት ውሸት ከየት እንደመጣች ከእኔ ቀድሞ ሌላ ሰው ያውቅ እንደነበር መስማት፣ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ፣ ቀላል አይደለም። በዚያች ሰዓት ማን ማንን ደግፎ ይወርድ እንደነበር ያየ ሰው ቢኖር ሊነግራችሁ ይችል ነበር። ታች ስንደርስ ጉንጬን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «ደግሞ ቤቴን ልጅ በልጅ አደረግክልኝ፤ ጣሪያው የታደሰው በአንተ እናትየዋ ሳንቲም ነው» አሉኝና ከልጃቸው ጋር ሄዱ።

ደረጃውን ስወጣ ሌላ ሰው ሆኜ ነው። ቀልሎኛል። እንዲያውም ሰው ፊት ቆሜ እውነቱን ልናገር ወስኜ ነበር ማለት ይቻላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወስኜ ነበር፤ አራተኛ ፎቅ በር ላይም ውሳኔው ነበረ። በሩን ስከፍት ግን ሁሉም ቆመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ቴሌቪዥኑን ሲመለከቱ አገኘኋቸው። ስክሪኑ ላይ ባለ ጃንጥላው መጀመሪያ ጉድጓድ አጠገብ፣ ገና አሁን እንደመጣ ሰው፣ በዝናብ ቆሟል።

ሰይፉ ያቺን ቁልፍ ተጭኖ ነበር። እትዬ ዘነቡ የገደሉትን ሰው ከጉድጓድ አውጥቶ፣ አቁሞ፣ ያቺን አንዲት ዝላይ ራሱ ዘሎ፣ በሩን ከፍቶ ገብቷል።

ሰባት ፊት ወደ እኔ ዞረ። ስምንተኛው የሰብለ ነው፤ እሱን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

«ብሬ» አለ ሰይፉ። ተናዶ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ድምፁ ጭዱ ላይ የቆመው ልጅ ድምፅ ነው። «እናትየዋ የለችም።»

ይኸውላችሁ፣ ሰው ሊናዘዝ የሚችልበት በር ከዚህ በላይ ተከፍቶለት አያውቅም። አፌን ከፈትኩ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እምላለሁ። ግን የሰይፉን ፊት አየሁ፣ የእነዚያን ቦርጫም ልጆች ፊት አየሁ፣ እና እናቱ አትመጣም ልበለው? ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ ማጫወቻዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ፤ ገልብጬ ከታች አየኋት፤ እንደ ሐኪም ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነቀነቅኳት። ከዚያ፣ በዚህ ገበያ ሃያ ዓመት ዚፕ የሸጠ ሰው ባለው እርጋታ፣ «ሰይፍዬ» አልኩት፣ «ይሄ እኮ ኮፒ ነው።»

ሰይፉ ማጫወቻዋን ከእጄ ተቀብሎ አገላብጦ አያት።

«ኦርጅናሉ ላይ አለች» አልኩ። «ሲገለብጡት ቦታ እንዲቆጥብላቸው መጨረሻውን ይቆርጡታል።»

የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሱቁ በሙሉ ተነፈሰ። አንዱ ድሮም ሮዝ ጃንጥላ ሲያይ እንደጠረጠረ ተናገረ። ሌላው በቀደም የገዛው ጫማም እንዲሁ ሶሉ ተቆርጦ እንደተሸጠለት አስታወሰ። ሰይፉ ዕቃ ነጋዴ ሆኖ ኮፒ ለይቶ ባለማወቁ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅር አልኩት። መቼም ቂመኛ አይደለሁም።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰብለ መሳለሚያ ላይ ታክሲ አስቆመች። ከተቀመጥን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ኦርጅናሉ ያለው በዓለም ላይ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንደሆነ እንደገባት ነገረችኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ «የሰይፉ ኮፒ ይቅር፣ ያንተው ይሻላል» ብላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ቁንጥጫው ቅጣት ይሁን ፍቅር እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ምልክቱ ግን ሦስት ቀን ቆይቷል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሰይፉ እያለከለከ ሱቄ ገባ። ቁልፍ የምትመርጥ ደንበኛ ፊቴ መኖሯን እንኳ አላየም። መርካቶን ተራ በተራ ሲያስስ ከርሞ፣ በመጨረሻ ኦርጅናሉ አለኝ የሚል ሰው ማግኘቱን በሹክሹክታ ነገረኝ። ሰውዬው አንድ ብቻ እንደቀረችው፣ ሌላ ሰውም ቀብድ ሊሰጥበት እንዳለ፣ እናትየዋ ያለችበት ስለሆነም ዋጋው እንደማይቀመስ ነግሮታል። ሰይፉ ግን ሞኝ አይደለም፤ በእርግጥ እናትየዋን አይተሃታል ወይ ብሎ አጥብቆ ጠየቀው። ሰውዬው አይቻታለሁ ብሎ በልጆቹ ማለለት። በሩ ሲከፈት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነው የምትወጣው አለው።

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በዚህ ከተማ ደግሞ እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸታም አለ? የደንበኛዬን ቁልፎች ወደ ጎን ገፋሁና የሰይፉን ትከሻ በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እንዳትገዛው» አልኩት። «ሌባ ነው። የለበሰችው ነጭ ነው።»